ቦራ ጋሪውን የነዳበት ቀትር

ሽብሩ ያን ዕለት ያየው ሕልም ከየት እንደጀመረ እስካሁን አያውቅም። የሚያስታውሰው የግንቦት ቀትር መሆኑንና የመተሐራ አስፋልት በጫማው ሶል በኩል ይለበልበው እንደነበር ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጋሪ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ በሕልሙ ግን መቀመጫው ላይ አልነበረም። በጋሪው ሁለት እንጨቶች መሀል ቆሟል። ደረቱ በጠፍር ታስሯል፤ አፉ ውስጥ ልጓም ገብቷል። ከኋላው ፈረሱ ቦራ የሽብሩን ኮፍያ አጥልቆ፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።

"ቦራ፣ ምን እየሆነ ነው?" አለ ሽብሩ።

"ስሜን ማን ነገረህ?" አለ ቦራ። "በል ሂድ፤ ተሳፋሪ ሞልቷል።"

ተሳፋሪዎቹ ሁለት በቅሎዎችና ጃንጥላ የያዘች አንዲት ነፍሰ ጡር አህያ ነበሩ። ሽብሩ መጎተት ጀመረ። ፀሐይዋ ከላይ መሆኗ ቀርቶ ከመሬት ስር ነበር የምትወጣው። የራሱ ጥላ ሰማይ ላይ ተለጥፎ ይታየዋል፤ ሊጠለልበት ቢሮጥም አይደርስበትም። መናኸሪያው አጠገብ ሲደርሱ ጉሮሮው ደርቆ ተጣበቀ። "ቦራዬ፣ አንድ ጣሳ ውሃ" ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ማሽካካት ነበር።

"ምን ይላል?" አለች አህያዋ።

"ደስ ብሎት ነው" አለ ቦራ።

"በላብ ተጠምቋል እኮ!"

"ሰው ሲያልበው ጤነኛ ነው ማለት ነው። በዚህ ሙቀት ውሃ ካጠጣሁት ደግሞ ሆዱን ይነፋዋል። ሥራ ስንጨርስ ይጠጣል።"

ሽብሩ ክው አለ። ንግግሩን የሚያውቀው መሰለው፤ ድምፁም የራሱ ድምፅ ነበር። መቼና ለማን እንደተናገረው ግን ሊያስታውስ አልቻለም።

ወዲያው መንገዱ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ ከስሩ ፈረሶች ወንበር ይዘዋል። ሰዎች ከመስኮቱ ውጪ ፀሐይ ላይ ታስረው ቆመዋል፤ ሽብሩም አንዱ ነው።

"አጀንዳችን ሰውን በሙቀት ወቅት እንዴት እንያዘው የሚል ነው" አለ ሰብሳቢው፣ አንድ አሮጌ ግራጫ ፈረስ።

አንዲት ባዝራ ተነስታ ከወረቀት ማንበብ ጀመረች። "ሰው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባይሠራ ይመረጣል። ጥላ ስር ይታሰር። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። አንገቱና እግሩ ላይ ውሃ ይፍሰስበት። ጨው ይላስ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። "ቀጥሎ አልጋ ግዙለት ልትለን ነው!" አለ አንዱ።

"የምትቃወሙ ጅራት አውጡ" አለ ሰብሳቢው።

ጅራቱ ሁሉ ወጣ። የቦራ ጅራት ግን መሀል ላይ ቀረ፤ አልወጣም፣ አልወረደም። በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ሽብሩን አየው።

"አንተ ራስህ ምን ትላለህ?" አለው።

ሽብሩ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ጮኸ። አሁንም አሽካካ።

"ተስማምቷል" አለ ሰብሳቢው፤ ቃለ ጉባኤውም ላይ ተጻፈ።

ሽብሩ እንደገና ራሱን መንገዱ ላይ አገኘው። ላቡ ድንገት ቀጥ አለ። ቦራ ከጋሪው ወርዶ ጆሮውን ወደ ሽብሩ ደረት አስጠጋ።

"ላቡ ቆሟል። ላብ ሲቆም ጥሩ ነው መጥፎ?"

"እኔ እንጃ" አለች አህያዋ። "ጠይቀኸው አታውቅም?"

"አይናገርማ!"

ቦራ ጠፍሩን በጥርሱ ይፈታ ጀመር። ፊታቸው ተነካካ። "አላወቅኩም ነበር፣ ይቅር በለኝ" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የተናገረው ፈረሱ ይሁን እሱ ራሱ፣ ሽብሩ መለየት አልቻለም። በዚያው ቅጽበት ቀዝቃዛ ውሃ አናቱ ላይ ወረደበት።

ነቃ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ተንጋሏል። አረንጓዴ ጋውን የለበሰች ወጣት ሴት ከጀሪካን ውሃ እያፈሰሰችበት ነው።

"አይነሱ ጋሼ፣ ተርፈዋል" አለችው።

"የት ነው ያለሁት?"

"እንስሳት ክሊኒክ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ።"

"ማን አመጣኝ?"

"ፈረስዎ። ጋሪው ላይ ራስዎን ስተው ተዘርረው ነበር፤ ብቻውን ጎትቶዎት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ባለፈው ሳምንት ጀርባው ላይ ያለውን ቁስል ያጠብኩለት እዚህ አይደል?"

ሽብሩ አንገቱን አዞረ። ቦራ ከቆርቆሮው ጥላ ስር ቆሟል፤ ጎድኑ ይርገበገባል፤ ከእግሩ ስር ውሃ ኩሬ ሠርቷል።

"እሱስ?" አለ በተሰበረ ድምፅ።

"ከእርስዎ የባሰ ነበር፤ ሙቀቱ አርባ አንድ ተኩል ደርሶ ነበር። ለዚህ ነው መጀመሪያ እሱን ያከምኩት፣ አይቀየሙኝ። አሁን እየበረደለት ነው። ለእርስዎ አምቡላንስ ጠርቻለሁ፤ እስኪመጣ ልመዝግብዎት።" መዝገቧን ገለጠች። "እዚህ 'ዓይነት' በሚለው ስር ያለው ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ሌላ ነው። 'ሌላ' ላይ አስገብቼዎታለሁ። ዕድሜ?"

"አርባ ሁለት" አለ ሽብሩ።

ሐኪሟ "እሺ" አለችና፣ ልማድ ሆኖባት አገጩን ይዛ አፉን ከፍታ ጥርሱን አየች።