የአንድ ቀን ደሃ

[ደብረ ብርሃን፤ የሰኔ ጠዋት። ጎን ለጎን ሁለት ሱቆች። አንደኛው ሰፊ የቀበሌ ሱቅ ነው፤ ብርድ ልብስ ሻጩ ወልደኪዳን ከአባቱ ተረክቦ እስከ ዛሬ በደርግ ዘመን ኪራይ ተንደላቆ ተቀምጦበታል። ሁለተኛው ከአልዩ አምባ የመጣው ሀምዳን ሎሚና ሽንኩርት የሚሸጥበት የቆርቆሮ ሱቅ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባበት አንዱ ማስነጠስ አይችልም። ወልደኪዳን የሀምዳንን ኮት እጅጌ ይዞ ይጎትታል።]

ወልደኪዳን፦ አውልቅ አልኩህ!

ሀምዳን፦ በዚህ ውርጭ? የራስዎ የቆዳ ጃኬት እያለ፣ ጋሼ?

ወልደኪዳን፦ በሽታው እሱ አይደል! የግብር ገማቾቹ መጥተው የቆዳ ጃኬት ለብሼ ቢያዩኝ የቀን ገቢዬን ስንት ይሉታል? ያንተ ኮት ክርኑ ላይ ተቀዷል። የክርን ቀዳዳ ችግር ያወራል።

ሀምዳን፦ ሱሪዬም ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ እሱን ልስጥዎ?

ወልደኪዳን፦ የጉልበት ቀዳዳማ ፋሽን ነው! ጭራሽ ያስጨምርብኛል። ወዲህ በል ኮቱን!

ሀምዳን፦ [እያወለቀ] ለእኔ ግን የሚመጡት ሰዎች የግብር አልመሰሉኝም። ማስታወቂያው ላይ እኮ...

ወልደኪዳን፦ አንተ ለእኔ ማስታወቂያ ልታነብልኝ? አንብቤዋለሁ!

ሀምዳን፦ እስከ መጨረሻው?

ወልደኪዳን፦ «የከተማው የበጀት ጉድለት» እስከሚለው። ከዚያ በታች ያለው የታወቀ ነው። ከተማ «ጎደለኝ» ካለ «ሙሉልኝ» ማለቱ ነው። የገባው ሰው ርዕስ ያነባል፤ ዝርዝር የሚያነበው ያልገባው ነው።

ሀምዳን፦ እኔ ስላልገባኝ ነው ዝርዝሩን ያነበብኩት።

ወልደኪዳን፦ ይኸው! አየህ?

[ኮቱን ለብሶ ጃኬቱን ለሀምዳን ያለብሰውና የብርድ ልብስ ቁልል ያሸክመዋል።]

ሀምዳን፦ ይኼ ሁሉ የት ሊገባ ነው?

ወልደኪዳን፦ አንተ ጋ። የሎሚ ቆርቆሮ ማን ዞር ብሎ ያያል?

ሀምዳን፦ «የማን ነው?» ቢሉኝስ?

ወልደኪዳን፦ «የኔ ነው» በላ!

ሀምዳን፦ አስተግፊሩላህ! ውሸት ሐራም ነው፣ ጋሼ።

ወልደኪዳን፦ ኧረ የፈጣሪ ያለህ! እሺ፣ እስከ ማታ ሰጥቼሃለሁ። ያንተ ነው። አሁን ውሸት አለበት?

ሀምዳን፦ [አስቦ] እስከ ማታ ከሆነ... የለበትም። ገዢ ከመጣ ልሽጠው?

ወልደኪዳን፦ ሽጠው፤ ብሩን ማታ ታመጣለህ። እኔ ደጃፍ ግን ዛሬ አንድ ደንበኛ ድርሽ እንዳይል። ሱቄ ባዶ መሆን ብቻ አይበቃውም፤ የሚያሳዝን ባዶ መሆን አለበት።

ሀምዳን፦ [እየተመላለሰ እየተሸከመ] ግን ትንሽ ግብር ብንጨምርላቸው ምን አለ? ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ከጠፋ ወሩ። የመንገዱን መብራትም ከሦስት ሁለቱን አጠፉት።

ወልደኪዳን፦ ሳንቲም አንጨምርም! የነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ተነስቼ እንዲህ ስል አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ነበር።

ሀምዳን፦ ሲመለሱ ቦይ ውስጥ የገቡት ያን ዕለት ነው አይደል?

ወልደኪዳን፦ ታዲያ መብራት በሌለበት! ክዳን የሌለው ቦይ! እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆሜ «በዚህ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የለም ወይ?» ብዬ ጮኽኩ።

ሀምዳን፦ ሰምቻለሁ። የመጣሁት ግን እኔ ነኝ።

ወልደኪዳን፦ መብራቱን ከራሱ ኪስ አውጥቶ ያብራ!

ሀምዳን፦ የከተማው ኪስ የት ነው?

ወልደኪዳን፦ ከተማው ጋ ነዋ!

ሀምዳን፦ ከተማው ማን ነው?

ወልደኪዳን፦ እኛ ነና! ከተማ ማለት ሰፊው ሕዝብ፣ ላብ አደሩ፣ ነጋዴው...

ሀምዳን፦ እንግዲያው ኪሱ...

ወልደኪዳን፦ ሀምዳን! ፖለቲካ ውስጥ አትግባ። ተሸከም!

ሀምዳን፦ የእሳት አደጋው መኪናም ነዳጅ የለውም አሉ። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ቀደም ብሎ እንዲያስታውቅ ነው የተባለው።

ወልደኪዳን፦ [ደንግጦ] ብርድ ልብሴ ቢቃጠልስ?

ሀምዳን፦ አይጨነቁ፤ እስከ ማታ የኔ ነው።

[አንዲት ሴት ከወልደኪዳን ሱቅ ደጃፍ ቆማ ሀምዳንን ታነጋግራለች።]

ወልደኪዳን፦ እመቤቴ፣ ይለፉ! እዚህ ምንም የለም!

ሀምዳን፦ ጋሼ፣ ከእነዋሪ ነው የመጡት። ለልጃቸው ሰርግ ስድስት ብርድ ልብስ...

ወልደኪዳን፦ ስድስት?! [ምራቁን ውጦ] የለም! ይህ ሱቅ ሞቷል! ለቅሶ ላይ ነን!

[ሴትዮዋ «ነፍስ ይማር» ብላ ወደ ሀምዳን ቆርቆሮ ታልፋለች። ከመንገዱ ጫፍ አቃፊ የያዙ ሦስት ሰዎች ብቅ ይላሉ።]

ሀምዳን፦ መጡ! ጋሼ፣ አሁን እንኳ ይስሙኝ፤ ማስታወቂያው ከርዕሱ በታች...

ወልደኪዳን፦ ሂድ ግባ! ደረትህን ንፋ፣ ሻጭ ምሰል!

[ባዶ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ይሰብራል። በሕይወቱ ግብር ከፍሎ የማያውቀውን ያህል እንባ ይከፍላል። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ከእሱ ወጥተው ሀምዳን ደጃፍ ይቆማሉ፤ ቆየት ብለው ይሄዳሉ። ወልደኪዳን እየዘለለ ይወጣል።]

ወልደኪዳን፦ ሀምዳኔ! ጨርሼላቸዋለሁ! «ከመስከረም ወዲህ የሸጥኩት አንድ ብርድ ልብስ ነው፤ እሱንም ለአክስቴ፣ በዱቤ» አልኳቸው።

ሀምዳን፦ አመኑዎ?

ወልደኪዳን፦ ከመሐላቸው ያለችው ሴትዮማ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች! «ታዲያ ይህን ሱቅ ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ። «ምንም! ሸክም ነው የሆነብኝ፤ የሚገላግለኝ ባገኝ እግሩን እስማለሁ» አልኳት። እንዴት ናት? ይቺ የራሴ ፈጠራ ናት!

ሀምዳን፦ እሷስ ምን አለች?

ወልደኪዳን፦ «አይዞዎት፣ ዛሬውኑ እንገላግልዎታለን» አለችኝ። ዜሮ ግብር! ደብረ ብርሃን ውስጥ ዜሮ የተገመተበት ሰው ማየት ከፈለግህ እየኝ! አንተንስ ስንት ገመቱህ፣ ምስኪን? ይኼን ሁሉ ብርድ ልብስ አይተው ጫኑብህ አይደል? [ይስቃል] አይ የኔ ሞኝ!

ሀምዳን፦ ኪራይ ነው የነገሩኝ እንጂ ግብር አላነሱም።

ወልደኪዳን፦ የምን ኪራይ?

ሀምዳን፦ እነሱ እኮ የቀበሌ ቤቶች ሰዎች ናቸው፣ ጋሼ።

ወልደኪዳን፦ [ሳቁ ግማሽ ላይ ይቆማል] የምን ቤቶች?

ሀምዳን፦ ስንቴ ልነግርዎ ሞከርኩ። ከርዕሱ በታች ያለው እሱ ነው። ከተማው በጀት ስለጎደለው፣ ሥራ የፈቱ የቀበሌ ሱቆችን እየለየ ለሚሠራ ነጋዴ በአዲስ ኪራይ ይሰጣል ይላል።

ወልደኪዳን፦ ለየትኛው ነጋዴ?

ሀምዳን፦ እኔ ተመዝግቤ ስጠብቅ ዓመታት ሆነኝ። «ሱቅ የሚሞላ ዕቃ የለህም» እያሉ ይመልሱኝ ነበር። ዛሬ ሲያዩ ዕቃው እስከ ጣራ። የእነዋሪዋ እናትም ስድስቱን ከፍለው እየተሸከሙ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ባለቤቴን ሰሊሃን ከዚህ ከሚያፈስ ቆርቆሮ ላወጣት ነው፣ አልሐምዱሊላህ!

ወልደኪዳን፦ ብርድ ልብሱ የኔ መሆኑን አልነገርካቸውም?!

ሀምዳን፦ ወላሂ ነግሬያለሁ! «እስከ ማታ የኔ ነው፤ ከማታ በኋላ የጋሼ ወልደኪዳን ነው» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ወልደኪዳንማ ምንም የለውም፤ አሁን አልቅሶ ነገረን» አሉ።

ወልደኪዳን፦ ሱቄን? የአባቴን ሱቅ?

ሀምዳን፦ ብርድ ልብሶቹንም የተሸጠውንም ብር ማታ አመጣልዎታለሁ። የት እንደማመጣ ብቻ ይንገሩኝ።

[ወልደኪዳን መሐል መንገድ ላይ ይሮጣል። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጮኻል።]

ወልደኪዳን፦ ተመለሱ! ዋሽቻለሁ! ሀብታም ነኝ! በቀን ስምንት ሺህ እሸጣለሁ! በጥምቀት ሰሞን ሃያ ሺህ! ጫጫና ለሚ ድረስ አከፋፍላለሁ!

ሀምዳን፦ ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ።

ወልደኪዳን፦ ሰፊው ሕዝብ ይስማ! ያለ ደረሰኝ ነው የምሸጠው! ቤቴ ውስጥም መጋዘን አለኝ! ኪራይ ጨምሩብኝ! ግብር ጨምሩብኝ! በእናታችሁ ጨምሩብኝ!

ሀምዳን፦ ጋሼ፣ ይብቃዎ። የቀበሌ ቤቶቹ ሰዎች ታጥፈው ሄደዋል። እነዚያ ማዶ የቆሙት ሌሎች ናቸው።

ወልደኪዳን፦ የትኞቹ ሌሎች?

ሀምዳን፦ የግብር ገማቾቹ።

ወልደኪዳን፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ሰሙኝ?

ሀምዳን፦ ሁሉንም የሰሙ አይመስለኝም። አንደኛው እስክሪብቶውን ከፍ አድርጎ «መጋዘን ካሉበት ይድገሙልኝ» እያለ ነው።