የራሳቸውን ተዝካር የበሉት ጋሽ ሉልሰገድ

በየሰፈሩ አንድ አዛዥ አለ። ሐኪም አይደለም፣ ግን ያዛል። ንስሐ አባት አይደለም፣ ግን ቀኖና ይሰጣል። ሥራው እናንተ ከመሞታችሁ በፊት ምን ምን ማድረግ እንዳለባችሁ መንገር ነው። እናንተ ስለ ምሳችሁ ስታስቡ እሱ ስለ ዕድሜያችሁ ያስባል። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የምትል ካለህ ፒያሳ አልኖርክም፤ ወይም ሰውዬው አንተው ራስህ ነህ።

የኛ ሰፈር አዛዥ ክቡር ጋሽ ሉልሰገድ ናቸው። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ በጡረታ የተሰናበቱ ደብዳቤ አዳይ፣ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ባለው ካፌ ባንኮኒ ላይ በክርናቸው ተደግፈው ገቢ ወጪውን ይመዝናሉ። የሚያዙለት ሰው ሲያገኙ ጣታቸውን ይቀስሩና "አንዴ! በሕይወትህ አንዴ!" ይላሉ። ከዚያ ትእዛዙ ይመጣል። ከትእዛዙ ቀጥሎ ማስፈራሪያው፦ "ይህን ሳታደርግ ብትሞት ቀባሪህ ያፍርብሃል።"

የመጀመሪያው ተጠቂ የጨርቅ ነጋዴው ኡመር ነው። አትክልት ተራ ገና ከቦታው ሳይነሳ፣ ሰው በሕይወቱ አንዴ አንድ ኩንታል ሽንኩርት በጀርባው መሸከም አለበት ብለው ፈረዱበት። ኡመር የወሎ ልጅ ነው፤ ሽማግሌን እምቢ ማለት አይሆንለትም። በማለዳ ወርዶ ተሸከመ። አሥራ አንድ እርምጃ ሄደ፤ እዚያው ቆሜ ቆጥሬለታለሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወገቡን በመቀነት ታስሮ ሱቁ ውስጥ እንደ ጣቃ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋሽ ሉልሰገድ ሊጠይቁት መጥተው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "አየህ፣ አሁን ሰው ሆንክ።" የሚገርመው ኡመር ከዚያ ወዲህ ከተሸካሚ ጋር ሲከራከር አይቼው አላውቅም።

ካፌው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የታዘዘችውን ኢየሩስንም አልማሯትም። ሰው በሕይወቱ አንዴ በሥራ ቦታው መታዘዝ አለበት ብለው ወንበር ላይ አስቀመጧትና ሽርጧን ራሳቸው ታጠቁ። ማኪያቶውን እየተንቀጠቀጡ አመጡላት፤ ግማሹ ሰሐኑ ላይ ነበር። ልጅቷ ታመሰግናለች ብለን ስንጠብቅ፣ አረፋው አነሰ ብላ መለሰችው። አምላኬን፣ እንደዚያ ቀን ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም።

ለእኔ የታዘዘው ቀላል ይመስላል፤ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ለገሃር ቸርችል ጎዳናን ያለ ምንም ጉዳይ በእግር መውረድ። ወረድኩ። መቶ ሜትር ሳልሄድ አንድ የማውቀው ሰው ወዴት ነህ አለኝ። የትም ማለት አፈርኩና ባንክ ነኝ አልኩት። እሱም ለካ ባንክ ነው የሚሄደው። አብሬው ገብቼ ተራ ያዝኩ፤ ወረፋው ደርሶኝ ምን ልታዘዝ ስባል የምለው ጠፍቶኝ ሒሳብ ከፍቼ ወጣሁ። ጋሽ ሉልሰገድ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እስካሁንም ዕዳ አለብህ ይሉኛል።

ከዚያ ሰፈራችን ለልማት ተነሳ። አንድ ረድፍ ላይ ስንኖር የነበርን ሠላሳ ሦስት ቤተሰቦች፣ አንድ እድር፣ አንድ ድንኳን የነበረን ሰዎች በየኮንዶሚኒየሙ ተበተንን። ጋሽ ሉልሰገድ ብቻ ሟች እህታቸው በተዉላቸው አፍንጮ በር ባለች ጠባብ ግቢ ገቡ። እኔም ሩቅ ብሄድ ሥራዬ ቸርችል ላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ካፌው ባንኮኒ ላይ አገኛቸዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ግን ጣታቸውን አልቀሰሩም። ስኒያቸውን እያዩ፣ "ተዝካሬን ልበላ ነው" አሉኝ።

ደነገጥኩ። አሟቸዋል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ደህና ነኝ ብለው አስረዱኝ። ሰው ሲሞት በአርባው ልጆቹ ካህን ጠርተው፣ ጎረቤት አብልተው ይዘክሩታል። ልጅ የሌለው ደግሞ እንደ ድሮው ወግ በቁሙ ራሱ ይደግሳል። የቁም ተዝካር ይሉታል።

"ድሮ ሰፈሩ ይዘክረኛል ብዬ ተኝቼ አድር ነበር" አሉ። "አሁን ሰፈሩ ራሱ የለም። አንዴ፣ በሕይወቴ አንዴ፣ ሁሉንም ባንድ ድንኳን ልያቸው። ቅዳሜ ሳምንት። ሠላሳ አንዱንም ጥራልኝ።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

መጀመሪያ የደወልኩት ለለተኪዳን ነው። ነገሩን ከነወጉ፣ የቁም መሆኑንም ጨምሬ አስረዳኋት። እንዴት ደስ ይላል አለች፤ ከዚያ ሁለት ታክሲ መሆኑን፣ ጉልበቷ መቆርጠሙን፣ ከተመቻት ብቅ እንደምትል ነገረችኝ። ኪሮስ መንገዱን ታውቀው የለ አለኝ። ዐፊፋ ኢንሻአላህ አለች፣ ግን አባባሏን አወቅኩት። ሦስት ስልክ፣ ሦስት "ከተመቸኝ"። ሽማግሌው ባዶ ድንኳን ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ታዩኝ።

አራተኛዋ ዓለምጸሃይ ነበረች፤ የረድፋችን ታላቅ፣ ሁላችንንም አንተ የምትል። "ቅዳሜ ሳምንት የጋሽ ሉልሰገድ ተዝካር ነው" አልኳት። አንዲት ቃል ነው የቀነስኩት። በስልኩ ውስጥ ልቅሶ ሰማሁ። ሳልቀብረው፣ አለች። እመጣለሁ፣ አለች። መመቸት አለመመቸት የሚባል ነገር አላነሳችም። የቀሩትን ሃያ ሰባቱንም እንደዚሁ ጠራኋቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ሆነ። ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰዋል። አንዱ በግ ለክርስቲያኑ ታርዶ፣ ሌላውን ኡመር ለሙስሊሙ ጎረቤት በእጁ አርዶ፣ ሁለቱም ወጥ ሆነዋል። ድንኳኑ ውስጥ ግን ካህናቱ፣ ኡመር፣ ኢየሩስና እኔ ብቻ ነን። ጋሽ ሉልሰገድ ነጭ ጋቢ ለብሰው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ባዶውን አግዳሚ በየደቂቃው ዞር እያሉ ያያሉ። መንገዱ ተዘጋግቶ ይሆናል አሉኝ፤ እኔን ለማጽናናት። ማን ማንን ያጽናና?

በዚህ መሀል ጠባቡ መንገድ ላይ አንድ ቅጥቅጥ አውቶብስ ቆመ። ሰፈርተኛው አዋጥቶ ተከራይቷል። በሩ ሲከፈት ጥቁር በጥቁር የለበሰ ሰው ይወርድ ጀመር፤ ነጠላው የተዘቀዘቀ፣ ዓይኑ ያበጠ። ዓለምጸሃይ ከፊት ሆና ደረቷን እየደቃች ገባች፣ ወንድሜ ሳላይህ፣ ውኃ ሳላቀብልህ እያለች። ጋሽ ሉልሰገድ እንደ ወጉ ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሏት። ለቀባሪው አረዱት ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ለሟቹ ሲያረዱት ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ልቅሶው ቆመ። ከእግራቸው እስከ ራሳቸው አየቻቸው። እኔ ቀስ ብዬ ከድስቶቹ ኋላ ሄድኩ።

"ይሄን ሁሉ ቀን ያለቀስኩትን መልስልኝ" አለቻቸውና በነጠላዋ ጫፍ ትከሻቸውን መታቻቸው። ቀጥላ አንገታቸውን አቅፋ እንደገና አለቀሰች። ይሄኛው ልቅሶ ሌላ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ድንኳኑ ይናገር። ግማሹ ይራገማል፣ ግማሹ ይስቃል፣ ሁሉም ይበላል። የቀድሞው የእድር ዳኛ ሐድጉ የሟችን የሕይወት ታሪክ ጽፎ መጥቶ ኖሮ ወረቀቱን ሊደብቅ ሲል ጋሽ ሉልሰገድ ያዙት። አንብብ አሉት፣ አሁን ካልሰማሁት መቼ ልሰማው ነው። አነበበ። ትሑት፣ ዝምተኛ፣ በሰው ጉዳይ የማይገቡ የሚለው ላይ ሲደርስ ኡመር ወገቡን ይዞ ወጣ። ሟች በበኩላቸው ሁለት ዓመተ ምሕረት አርመው፣ ዝምተኛ የሚለው ይቆይ አሉ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የተነሳ ሰው የለም። ሰኞ ግን ለተኪዳን ደውላ ተቆጣችኝ። "ሞቷል ብትለኝ ኖሮ እመጣ ነበር" አለች፣ ከልቧ አዝና።

ያን ቅዳሜ እንግዳው ሲሸኝ ጋሽ ሉልሰገድ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ነበር። የቁም መሆኑን ለስንት ሰው ነገርክ አሉኝ። ለሦስት አልኩ። ከሦስቱ ስንት መጣ አሉኝ። መልሱን ያውቁታል። ስድብ ስጠብቅ ሳቁ፤ ሲስቁ ቆይተው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

"ጥሩ አደረግክ" አሉ። "ግን ሞኝ ነህ። የእውነቱ ቀን ስትደውል ማን ያምንሃል?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አሁን ግን ከራሴ አልወጣ ብሏል። ጠዋት አምስት ደቂቃ ሲዘገዩ ማኪያቶዬ ይቀዘቅዛል፣ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ገብተው ጣታቸውን ሲቀስሩብኝና ቸርችልን ዛሬም አልወረድክም ሲሉኝ ነው እፎይ የምለው። እወዳቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ። የሠላሳ አንዱም ስልክ እኔ ዘንድ አለ፤ ያ ቀን ሲመጣ የምደውለው እኔው ነኝ። ዓለምጸሃይ፣ ደግሞ ስንት በግ ጣለ ትለኛለች። ሐድጉ ስልኩን ይዘጋብኛል። አልቀየማቸውም። ከሁሉ በፊት የማላምነው እኔ ነኝ።