ይቻላል ማለት ይበቃል ማለት አይደለም

ሌላው በሰላም እንዲተኛ በየቤተሰቡ አንድ የሚሰጋ ሰው ይመደባል። ማን እንደሚመድበው አይታወቅም፤ ሹመቱ ደመወዝም ምስጋናም የለውም። በእኛ ቤት የደረሰው ለታላቅ እህቴ ነው። “ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር” ያለው ሰው የሥጋ ዘመዷ ሳይሆን አይቀርም።

ክብርት የስጋት ሚኒስትራችን የሠርግ አዳራሽ ስትገባ ከሙሽሮቹ በፊት የምትፈልገው የጓሮውን በር ነው። ተቆልፎ ካገኘችው ቁልፉ እስኪመጣ ምግብ አትቀምስም። ሆቴል ስታድር አልጋውን ትታ ጣሪያውን ትመረምራለች። ወደ ኪራይ ቤቴ በመጣች ቁጥር የጋዙን ሲሊንደር ታሸታለች፤ የራሷን አፍንጫ ስለማታምን ባለቤቴም ደግማ እንድታሸት ታደርጋለች።

የባሰው ነገር ሙያዋም ይኸው መሆኑ ነው። የሕንፃ መሐንዲስ ናት። አዲሱ የሕንፃ ደንብ ሲወጣ በአሮጌው የተጀመሩ ግንባታዎችን እየዞረች ወደ አዲሱ እንድታሸጋግር ተመደበች። ይህን ሥራ ለእሷ መስጠት እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው፤ እሷ ፊት የማልናገረው ምሳሌ ቢሆንም።

ደንቡ ራሱ ግን ከእሷ ይልቅ መሐሪ ነበር። ፈቃድ ያገኘና መሠረቱ የተጣለ ሕንፃ በአሮጌው ደንብ እንዲጠናቀቅ ይፈቅዳል። እኔ የማሠራው ቤት ከመሠረትም አልፎ የደረጃው ካሳፎርማ ተመትቷል፣ ፌሮው ታስሯል። ቤቱ ሲያልቅ ፎቁ ላይ የሚኖሩት አባታችን ናቸው። ልባቸው ደከም ካለ ቆይቷል፤ ምድር ቤቱን ብንሰጣቸው “ወደ መሬት ለመጠጋት ምን አስቸኮለኝ?” ብለው ፎቁን መረጡ።

“ነገ አርማታ እንሞላለን” አልኳት ግንባታውን ልታይ ስትመጣ፣ በኩራት።

ደረጃው የሚታጠፍበት ማረፊያ ላይ ሜትሯን ዘረጋች። “ጠባብ ነው። ቃሬዛ አይዞርበትም።”

“በአሮጌው ደንብ ይቻላል፣ እትዬ። አንቺው ነሽ ያነበብሽልኝ።”

“ይቻላል ማለት ይበቃል ማለት አይደለም።”

ይህን አባባል ያልሰማ ግንባታ የለም። ተቋራጮቹ ድምፅዋን እያስመሰሉ ይቀላለዱበታል፤ ምሳ ያነሰበት ሁሉ አስተናጋጁን ጠርቶ ይለዋል። እኔን ግን አላሳቀኝም። ማረፊያውን ማስፋት ማለት የታሰረውን መፍታት፣ ከሳሎኑ መቁረስ፣ ከሁሉም በላይ በዝናብ መቀደም ነው። የአባባ አሮጌ ቤት ጣሪያ ደግሞ ሌላ ዝናብ አይችልም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎችን የተገነጠለ የእንጨት በር አሸክማ መጣች። ካሳፎርማው ላይ ሸክም ይዞ ሰው እንዲወጣ ስለማትፈቅድ የእኔን ማረፊያ በልኩ ግቢው ውስጥ በኖራ ሣለችው። ሠራተኞቹን በመስመሩ ዳር ዳር አቁማ ግድግዳ አደረገቻቸው።

“ተኛ” አለችኝ።

“የት?”

“በሩ ላይ። ታመሃል።”

“ምኑን ነው ያመመው?” አለ ፎርማኑ፤ ግድግዳነቱን ከልቡ ይዞታል።

“ልቡን።”

ሲሳሳቁ የነበሩት ተሸካሚዎች ጎንበስ ብለው በሩን ያዙ።

ተሸከሙኝ። መታጠፊያው ላይ ጭንቅላቴ የፎርማኑን ሆድ መታ። ወደ ኋላ መለሱኝ፤ አሁን ደግሞ እግሬ ሌላውን ግድግዳ ገፋው። “አዘንብሉት” አለ አንዱ። ሲያዘነብሉኝ መንሸራተት ጀመርኩ፣ የበሩንም ጠርዝ ጨበጥኩ። ቀና ስል የእህቴን ፊት አየሁ። ዕድሜ ልኳን ስታስጠነቅቅ እንጂ ስትፈራ አይቻት አላውቅም ነበር። ከንፈሯ ደርቋል።

አባባ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። “እሱ እኮ አጭር ነው” አሉ። “ለዚህ ሥራ ረጅም ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ።”

ከቤታችን ረጅሙ እሳቸው ናቸው።

“ፌሮውን ፍታው” አልኩት ፎርማኑን፣ ገና ከበሩ ሳልነሣ።

ዝናቡ እንደፈራሁት ቀደመን። አባባ የእኛ ኪራይ ቤት ሳሎን ውስጥ ከረሙ። እህቴ በየማታው እየደወለች “ደህና ናቸው?” አትልም፤ “እየተነፈሱ ነው?” ነው የምትለው። እኔም ሄጄ አዳምጣለሁ። ስጋት ይጋባል።

አሁን ፎቁ ላይ ናቸው። ቃሬዛው እስከ ዛሬ አላስፈለገም። ሰፊውን ማረፊያ ግን አባባ ወደዱት፤ በመስኮቱ መንገዱ ስለሚታይ ወንበር አኖሩበት። ማምለጫ መንገድ ላይ ወንበር በአሮጌውም በአዲሱም ደንብ ክልክል ነው። ስለዚህ የእህቴን መኪና ስሰማ ሮጬ አነሣዋለሁ፤ ስትሄድ እመልሰዋለሁ።

ባለፈው ግን አባባ “አልነሣም” አሉ። እህቴ ከታች ስትወጣ እኔ የወንበሩን መደገፊያ ይዤ እጎትታለሁ፣ እሳቸው ወንበሩ ላይ ናቸው። ሜትሯን አወጣች። ከወንበሩ እግር እስከ ግድግዳው ለካች። ደግማ ለካች።

“ይቻላል” አለች።

የቀረውን እስክትል ጠበቅን። አልጨረሰችውም። ከእግራቸው ሥር ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ራሷን ወደ ጉልበታቸው ጠጋ አደረገች፤ እስትንፋሳቸውን የምታዳምጥ ይመስለኛል።

እኔም ከጎኗ ልቀመጥ ስል፣ “አንተ መንገዱን አትዝጋ” አለችኝ።

እንደ ፎርማኑ ግድግዳ ሆኜ ቆምኩላቸው።