ቡችላዬን በኩባያ እየለካሁ ስመግበው ሰፈሩ እኔ የተራብኩ መሰለው

ጉድ ፈላ! ዛሬ ጎረቤቶቼ እኔን ከረሃብ ሊያድኑ ቤቴ ድረስ መጡ።

አዎ፣ እኔን! ደሞዝተኛዋን!

ዳሞታን ታውቁታላችሁ፤ ፎቶውን ፖስት እያደረግኩ ያሰለቸኋችሁ የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ። መዳፉ ዳቦ ያክላል። ከከተማችን ራስጌ ባለው ተራራ ስም የጠራሁት ምን ያህል እንደሚገዝፍ ከወዲሁ ስላስታወቀ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጎግል ላይ ገባሁ። ትልቅ ዝርያ ቡችላ ከመጠን በላይ ከበላ ቶሎ ያድግና መገጣጠሚያው ይጎዳል ይላል። ደነገጥኩ! ታዲያ ምን ያህል ይብላ የሚለው ጋ ስደርስ ኔትወርክ ጠፋ።

በቃ፣ ቀሪውን ከራሴ ሞላሁት።

ጠዋት አንድ የሻይ ኩባያ፣ ማታ አንድ የሻይ ኩባያ። ገንፎ፣ ላዩ ላይ ሥጋ ጣል። ሲያለቃቅስ አንጀቴን ይበላኛል፤ ግን እግሩ ቢወላገድስ? ቢሮ ቁጭ ብዬ የማስበው የሱን ዳሌ ሆነ እኮ!

ለካ አንድ ግቢ የምንኖረው እትዬ አስቴር ሲታዘቡኝ ከርመዋል። ከኩባያው የተረፈውን በማንኪያ ጠርጌ ወደ ድስቱ ስመልስ!

ዛሬ ከሥራ ስገባ ከቸርች እናቶች ጋር በሬ ላይ ቆመዋል። ሙቹዋ ይዘዋል፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ፣ ሥጋው ተከምሮበት።

"ልጄ፣ ለምን አልነገርሽንም? ውሻሽ እንዲህ ከከሳ አንቺማ ምን ትበያለሽ?"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ እበላለሁ! ለአጥንቱ ብዬ ነው!"

"አጥንቱማ ይኸው ይታያል!"

አንዷ እናት እንባቸውን ጠረጉ። ሳህኑን በርጩማ ላይ አስቀምጠው "እንጸልይላት" አሉ። ዓይናችንን ጨፈንን። "ጓዳዋን ሙላላት" ሲባል አሜን ልበል ወይስ ላስቁም? ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ ጫም ጫም የሚል ድምፅ።

ዓይኔን ስገልጥ ዳሞታ ሳህኑን ልሶ ጨርሶታል!

ለመሳቅ አልደረስንም። ያስመልሰው ጀመር። ሆዱ ተወጠረ፣ ዓይኑ ፈዘዘ። ታቅፌው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፤ እትዬ አስቴርም ተከትለውኝ ገቡ። እስከ እንስሳት ክሊኒኩ ድረስ "ገደልኩት፣ ገደልኩት" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ሐኪሙ ሆዱን ዳበሰ፣ መርፌ ወጋው። "ቅቤው ከብዶት ነው፣ ይድናል።" እግዚአብሔር ይመስገን! ከዚያ ጎድኑን ዳበሰና ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን ያህል ነው የምትሰጪው?"

በእጄ ኩባያውን አሳየሁት።

"ለዚህ? ከመጠን በላይ አታብዪው ተባለ እንጂ አስርቢው ማን አለሽ? በቀን ሦስቴ አብይው፤ ክብደቱን እያየሽ ጨምሪለት። ጎድኑ በእጅ ሲዳሰስ ይገኝ እንጂ ከመንገድ ማዶ አይቆጠር!"

እትዬ አስቴር ጎንበስ ብለው የዳሞታን ጎድን በጣታቸው አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆጠሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር!

አሁን ዳሞታ እግሬ ሥር ተኝቷል። መተንፈሱን ለማየት በየደቂቃው ጎንበስ እላለሁ።

ሌላው ጣጣ ደግሞ፣ እኛ ክሊኒክ ሳለን እናቶቹ መራቤን ለቸርቻችን መጋቢ ነግረውታል። እሁድ በጉባኤ ፊት ሊጸለይልኝ ነው!

ተነስቼ "የተራብኩት እኔ አይደለሁም፣ ውሻዬን ነው ያስራብኩት" ልበል? ወይስ አንገቴን ደፍቼ የተራበች ልምሰል?

እስቲ እናንተ ብትሆኑ የቱን ውርደት ትመርጣላችሁ?