ረሃብ የሚቀሰቅስ ምንባብ

እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ግን አገር ቢታመስ ማስተማር የማይተው መምህር ገጥሟችሁ ያውቃል? የኔው አጎቴ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከወልድያ ሸሽቶ ግራና ከተማ እኛ ቤት ሲገባ የያዘው የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ብቻ ነበር።

መንገድ ተዘግቶ ዱቄታችን እያለቀ፣ ለታናናሾቼ የዳቦን ታሪክ እየተረጎመ አነበበላቸው።

«ዳቦ መጀመሪያ የተጋገረው የት ነው?»

«እኛስ መቼ እንበላለን?» አሉት።

«እሱ ምንባቡ ውስጥ የለም።»

እናቴ፣ «ወንድሜ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ የምግቡን ተውና ሌላ አንብብ» አለችው። ስለ ሯጮች ተሰጥኦ አነበበ። ልጆቹ ተሰጥኦ እንዳላቸው ሊያዩ ግቢውን አሥር ጊዜ በሩጫ ዞሩና ርቧቸው ለእራት ያሰብነውን ቂጣ ጨረሱት።

እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። «ወንድሜን ደግሜ መናገር አፈርኩ። አንቺ ጠይቂልኝ፤ ስለ እንቅልፍ የሚል ምንባብ የለውም?»