ከክረምት ወንዝ ልጆችን የማስጠነቅቅ እኔ

ሰው ካልመከረ የበላው የማይፈጭለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አብሬው ነው የምኖረው፤ መልኩም ቁርጥ እኔን ነው።

ሰቆጣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት የሰፈሩን ወላጆች ሰብስቤ፣ «ትምህርት ቤት እስኪከፈት ልጆቻችሁን ከክረምት ወንዝ ጠብቁ!» እያልኩ አፌ እስኪደርቅ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። በጭብጨባ የማያብጥ ማን አለ?

በሳምንቱ ልጄን ትርንጎን ይዤ ገጠር ካለ የዘመድ ተዝካር ስመለስ፣ ጠዋት ጫማችን ሳይርስ የተሻገርነው ወንዝ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ጠበቀን። መንገደኛው ሁሉ ዳር ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል። ታዲያ እኔን የሚያህል መካሪ እንደ ማንም ይቀመጥ? የልጄን እጅ ይዤ ወደ ውሃው አመራሁ።

«አባዬ፣ እኔ አልገባም!» አለችና እጇን መንጭቃ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ እያለሁ ምን እንዳትሆኚ ነው?»

«አንተስ ምንም አትሆንም?»

ሱሪዬን ሰብስቤ ብቻዬን ገባሁ። መሃል ሳልደርስ ጎርፉ እግሬን ጠልፎ ጣለኝ። ውሃ እየጠጣሁ ስንከባለል «አባቴን! አባቴን አድኑልኝ!» የሚለው የልጄ ጩኸት ይሰማኛል። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ገበሬዎች ጋቢያቸውን አያይዘው ወረወሩልኝና ጎትተው አወጡኝ። ጫማዬ ወደ ተከዜ ወረደ።

ትርንጎ እርጥብ ሸሚዜን ጨምድዳ ያዘች። አጠገባችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ከላይ እስከ ታች ሲያዩኝ ቆዩና ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ይሄን ሰውዬ ብቻውን አትልቀቂው።»