ቆሞ የሚሠራ ፍሪጅ

አንዴ ከበራ ተጠገነ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ አግብቼዋለሁ።

ባለቤቴ በአሮጌ ሚኒባስ ውስጥ አልጋና ትንሽ ፍሪጅ ገጠመ። በመንገድ እያደርን ድሬዳዋ ዘመድ ልንጠይቅ ነው። ፍሪጁ ግን ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ይጠፋል። የሚቀመጥበት ደግሞ የልጃችን የሰሚራ ኢንሱሊን ነው፤ ስኳር አለባት። የበረሃው ሙቀት መድኃኒቱን ቢያበላሽብን መንገድ ላይ ማን ይደርስልናል?

ከሰዓት ጫት ሲገባ የሰፈራችን የካርቲየ ሰባት ወንድ ሁሉ ኤሌክትሪሻን ይሆናል። አንዱ ሽቦ ነካካ፣ ሌላው ፍሪጁን በቡጢ መታው፣ መብራቱ ቦግ አለ። «በቃ፣ ሠራ!» ተባብለው ወደ ጫታቸው ተመለሱ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ መኪና የሚሄድ ነገር መሆኑን ግን አውቃለሁ።

«እስቲ ንዳው» አልኩትና ከፍሪጁ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ድርግም አለ።

«የሰሚራ አባት፣ ጠፋ።»

«ወላሂ ቆሞ ይሠራል!»

«እንግዲያው ቆመን ድሬዳዋ እንድረሳ!»

ሳቁ አመለጠው። ወርዶ ከፍሪጁ ጀርባ የላላች ሽቦ አገኘና አጠበቃት። ከዚያ መሪውን ይዞ፣ «ከዚህ የባሰ ጉድጓድ ያለው የት ሰፈር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የልጄን መድኃኒት አምኜ ልሰጠው የቻልኩት ያን ጊዜ ነው።